የሰማንያ ቀን ሕግ

እርጥብ ጥድ በሸተተኝ ቁጥር ቡሬ ላይ የተቀበሩት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ትዝ ይሉኛል። ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ ከወለደች አርባ አምስት ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን አርባው ሞልቶ ቤተ ክርስቲያን በገባች፤ ለሴት ልጅ ግን ሰማንያ ነው። ለአባቷ ፍትሐት እንኳ እንዳትገባ ተከለከለች።

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆሙት ንባብ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው።

"የኔታ፣ ማቴዎስ ከሕግ አንዲት ነጥብ አታልፍም ይላል፤ ጳውሎስ ሕጉ ተሽሯል ይላል። እናቴን ያስቆማት የትኛው ነው?"

"አንች፣ ተማሪ ቤት ይኸን ነው የሚያስተምሯችሁ?"

"ያስነበቡኝ እርስዎ ነዎት።"

ፈገግ አሉ። "ማስማማቱ የሊቃውንት ነው፤ የእኔ በር መጠበቅ ነው። ይልቅ ግቢና አያትሽን ሸኚ።"

እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ደጁ ላይ ካለው፣ ዝናብ ካረጠበው ጥድ ሥር ቆማለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምሁ። የኔታ ሁለቴ ጠሩኝ፤ አልገባሁም።

መልሱን ዛሬም አላገኘሁም። ለቅዳሴ ስሄድ ግን አሁንም የምቆመው ከጥዱ ሥር ነው።