ለጭስ ማውጫዬ ያሠራሁት ቆብ

የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እኔ ቤት እንድትታረስ የጠየቀችኝ ልጄ ራሷ ናት። ባሏ ጎሬ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ ኑሯቸው እዚያ ነው፣ የእኔ ደግሞ መቱ። የመጀመሪያ በእናት ቤት ነው፣ ወጉም እንደዚያ ነው። ስትነግረኝ ደስታውን አልቻልኩትም። ያስጨነቀኝ ዝናቡ ብቻ ነበር።

ማድቤቴ ልጄ ከምትተኛበት ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ጭስ ማውጫ ያለው የጭቃ ምድጃ አለኝ፣ ቧንቧው ቆርቆሮውን በስቶ ወደ ላይ ይወጣል። አፉ ክፍት ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር ውኃው በቧንቧው እየወረደ እሳቴን ያጠፋብኛል። የመቱን ክረምት የማያውቅ ሰው ዝናብ ሲባል ትንሽ ጥሎ የሚያባራ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ የታጠበ ልብስ ሳምንት አይደርቅም። አራስ ይዤ እንዴት ነው እሳት የማጣው አልኩና በያጅ አስጠራሁ።

ሰውየው ዝምተኛ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቧንቧውን በስንዝሩ ለካና ወርዶ ሁለት ዓይነት ቆብ ነገረኝ። አንደኛው በሦስት እግር የሚቆም፣ ባርኔጣ የሚመስል። ሌላኛው ግራና ቀኝ አፍ ያለው ነው፣ ነፋስ በአንዱ ቢገፋ ጭሱ በሌላው ይወጣል።

«ለእርስዎ ሁለት አፍ ያለው ነው የሚሻለው እትዬ» አለኝ። «እዚህ ነፋሱ ከሸለቆው በኩል ይመታል።»

«ሁለት አፍ ማለት ለዝናብ ሁለት በር መክፈት ነው። ባርኔጣውን ሥራልኝ።»

«እንግዲያው ከቧንቧው አፍ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።»

«ሁለት ጣት ይበቃዋል። ዙሪያውንም ቀሚስ አልብሰው፣ ቀሚሱ ከቧንቧው አፍ ወረድ ይበል።»

«ጭሱስ በየት ይውጣ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ዝናቡን ከልክልልኝ።»

እንዳልኩት ሠራው። ምነው ያን ቀን እንቢ ባለኝ እላለሁ ዛሬ። ግን ልዋሽ ምን ያደርግልኛል፣ ከእኔ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው የለም።

መጀመሪያ ላይ ጠብ የሚል ውኃ አልነበረም። ለጎረቤቱ ሁሉ አፌን ሞልቼ አወራሁ። ልጄም በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ከሆስፒታል እንደመጣች መስኮቱን ዘጋሁ፣ ክፍተቱንም በጨርቅ ወተፍኩት። አራስን ብርድ ካገኛት ዕድሜዋን ሙሉ አይለቃትም፣ እኔም እናቴ ስታርሰኝ ያየሁት ይህንኑ ነው። የማድቤቱን የውስጥ በር ግን ሙቀቱ እንዲደርሳት ክፍት ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ጭሱ ወደ ቤት መመለስ ጀመረ። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ልጄ ታስላለች፣ የሕፃኗ ዓይን ይቀላል። ጥፋቱ የቆቡ መሆኑን አውቄዋለሁ። በያጁን መጥራት ነበረብኝ። ግን «ነግሬዎት ነበር» ሲለኝ ታየኝና ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እንጨቱን ትቼ ምድጃውን ከሰል ሞላሁት። ከሰል አይጨስም፣ ዓይን አያቃጥልም። ቤቱ ወዲያው ጠራ፣ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ።

በስምንተኛው ቀን ጧት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ለገላዋ ውኃ ላሞቅ ብዬ ከሰሉን ከወትሮው አብዝቼዋለሁ።

«እማዬ፣ ራሴን በጣም አመመኝ» አለች ልጄ።

«ወገብሽን ጠበቅ አድርጊው። የአራስ ነው።»

ትንሽ ቆይታ «ሊያስመልሰኝ ነው» አለች። ገንፎው ከብዶሽ ነው አልኳት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። የእኔንም ራስ ይወቅረኝ ነበር፣ እሱንም ከእንቅልፍ ማጣት ቆጠርኩት። ሕፃኗ ጎህ ሲቀድ ከጠባች ወዲህ አላለቀሰችም። ሄጄ አየኋት፣ ተኝታለች። አያቷን የማታስቸግር ጨዋ ልጅ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት። ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ከንፈሬ ይቀዘቅዛል።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። የልጄ አማት ናቸው፣ ከአገራቸው ከሁሩሙ ማር ይዘው አራስ ሊጠይቁ የመጡ። ልብሳቸው ውኃ ያንጠባጥባል። አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙ። እንኳን ማርያም ማረቻት አላሉ፣ እንደምን አደራችሁ አላሉ። የታፈነውን የከሰል ሽታ ሳብ አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«በልበላ በኒ» አሉ። በኦሮምኛ በሩን ክፈቺ ማለታቸው ነው።

«ይዝጉት እንጂ፣ ብርድ እኮ እየገባ ነው» ብዬ በሩን ገፋሁት። እሳቸው ከውጭ ገፉት። ሁለት ያረጀን ሴቶች በአንድ በር ታገልን። ደሜ ፈላ። «ልጄን በብርድ ሊገድሉብኝ ነው?» አልኳቸው። በትከሻቸው ገፍተውኝ ገቡና ከመስኮቱ ጨርቁን መንጭቀው ከፈቱት። ከዚያ ሕፃኗን አነሷት። አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ልጄ» አልኩ። ልጄ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፣ ታየኛለች ግን አትመልስልኝም። ላነሳት ብል ከበደችኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ከብርድ የምጠብቃትን አራስ ዝናብ ላይ አስተኛኋት።

አማቷ ሕፃኗን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊቷ ላይ እፍ ይላሉ፣ የእግሯን መዳፍ ያሻሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠሯታል። ዝም። ደግመው ያሻሉ። ዝም። ገደልኳት አልኩ በልቤ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት። ቆይቶ ቀጭን ድምፅ ወጣ፣ ልቅሶ እንኳ የማይባል። በባጃጅ ከነፍን፤ አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን ያየሁት ሆስፒታል ስንደርስ ነው።

ሁለቱም ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ ከሰል ነበር ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩ። መስኮትስ? ዝግ ነው። ጭስ ማውጫ የላችሁም?

«አለን» አልኩ።

«ታዲያ የከሰሉ መርዝ በየት ነው ቤት የገባው?»

አማቷም ከጎሬ የደረሰው ባሏም ቆመው ይሰማሉ። በሕይወቴ የምመልሰው ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ሁለቱም ተረፉ። ተመስገን። በማግስቱ በያጁ ወጥቶ ቆቡን አወረደው። ቀሚሱ ውስጥ እርጥብ ጥላሸት ተጋግሮ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረም። አሳየኝ እንጂ ነግሬዎት ነበር አላለኝም። ቢለኝ በስንት ጣዕሙ። ሁለት አፍ ያለውን ገጠመልኝ፣ እሳቱም ወዲያው ቀጥ ብሎ ነደደ፣ ዝናብም አልገባም።

ልጄ ግን ወደዚያ ክፍል አልተመለሰችም። ከሆስፒታል በቀጥታ ከአማቷ ጋር ሁሩሙ ሄደች። ልብሷን አጣጥፌ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። «ትንሽ አየር ልለውጥ ብዬ ነው እማዬ» አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ክፍሉን አስለቅልቄ፣ አዲስ ፍራሽ ዘርግቼ ጠበቅኳት። ወሯ ሲገባ ደወለች።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሁሩሙ ነው የምታረሰው። እሱ ይቀርበኛል።»

ከጎሬ ሁሩሙ የሚሄድ ሚኒባስ መቱን አቋርጦ፣ በእኔ በር አልፎ ነው የሚሄደው።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አልኳት፣ «እሱ ይቀርብሻል።»