ሁለቱ ሉቃሶች

ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ከላሊበላ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። በበልግ ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ያን ዘመን ዛሬም ሳስበው በዚያው ጉም ውስጥ ነው የሚታየኝ።

ታሪክ ማለት ስም መሸምደድ ሳይሆን መጠየቅ ነው እያልኩ፣ ለሰባተኛ ክፍሎች አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ እያንዳንዱ የተወለደበትን ዓመት ያጣራ። ማን ነገረህ? እሱስ በምን አወቀ? ሌላ ምስክር አለ?

አንዲት ልጅ ግን ጥያቄው ከቤት ሥራም በላይ ሆኖባት ነበር። አባቷ ሽማግሌ ተቀብሎ ሠርጓን ከፋሲካ በኋላ ቆርጦ ነበር፤ አሥራ ስምንት ሞልቷታል ባይ ነው። ልጆቹ ይህን ሰምተው፣ እንደ አባትሽ ቆጠራማ ከቲቸር እኩል ነሽ እያሉ ያበሽቋታል።

የጠየቀችው ሁሉ መልሱ አንድ ሆነባት። አባቷም እናቷም በዘመነ ሉቃስ ተወለድሽ አሏት። ምስክሮች ተስማሙ ማለት ነው። ግን ሰሌዳው ላይ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ብዬ በክብ ጻፍኩና ጣቴን ደጋግሜ አዞርኩት፤ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። አባትየው የያዘው መንግሥት የተለወጠበትን ሉቃስ ነው። ቀጣዩ ከሆነ ግን ልጅቷ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

«እንግዲህ ከሉቃስ ጎን የቆመ ሌላ ነገር ፈልጊ» አልኳት።

ክርስትና እናቷ ዘንድ ሄደች። ሴትዮዋ ዓመት አያውቁም፤ ቀኑን ግን ያስታውሳሉ። በሰማንያ ቀኗ አስጠምቀዋት ሲመለሱ፣ የዚህ ትምህርት ቤት መሠረት ይቆፈር ነበር። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አስቀምጠው ሕፃኗን መርቀዋታል።

የመሠረቱ ዓመት በራችን ላይ ተቀርጾ በየቀኑ ከሥሩ እናልፍ ነበር። ቀጣዩ ሉቃስ ነው።

አባቷን አስጠራሁት፤ በማግስቱ መጣ። ጋቢው በጉም ርሶ በሩ ሥር ቆሞ ቀና አለ። ክርስትና እናቷ ያሉትን ነገርኩት። ጣቶቹን እያጠፈ ወንጌላውያኑን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። መንግሥት የተለወጠ ዓመት ምን እንደነበር ለራሱ ያጉተመትማል፤ ያን ዓመት አግብቶ ነበር እንጂ አልወለደም።

«ሠርጌንና ልጂቱን አንድ ላይ አስሬያቸው ኖሯል» አለ።

ቃል የሰጠ ሰው ነውና ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚላቸው ጠየቅኩት።

«ሉቃስ ሁለት ነው እላቸዋለሁ። ሊስቁብኝ ይችላሉ፤ ይሳቁ።»

ዳገቱን ሲወርድ ጉሙ ከወገቡ በታች ዋጠው፤ በአየር ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ስመለስ ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ትጠብቀኛለች። የሚቀጥለው ትምህርት ምንድን ነው አለችኝ።