ማንም አልነገረኝም

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪያችን ሁልጊዜ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለእንቆቅልሽ ይሰጠን ነበር። «ምን አውቅልህ» እየተባለ የሚመለሰውን ዓይነት አይደለም፤ ራሱ ያዘጋጃቸው፣ በማሰብ ብቻ የሚፈቱ ጥያቄዎች ነበሩ።

«ሦስት ሴቶች መካነ ሰላም ገበያ መጡ፤ አንዷ ከከላላ፣ አንዷ ከወግዲ፣ አንዷ ከአጅባር። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ምስር ይዛለች። የከላላዋ ቅቤ አልያዘችም። የወግዲዋ ቅቤም ጌሾም የላትም። ጌሾው የማን ነው?»

«መጀመሪያ የማይሆነውን አጥፉ» ይለናል፣ ሰሌዳውን በእጅጌው እየጠረገ። እጄን ቀድሜ የማወጣው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አያቴን መንገድ ላይ አግኝቶ «ይቺ ልጅ ስታስብ ደስ ትላለች» ቢላቸው፣ አያቴ «ማሻአላህ! እናቷም እንዲሁ ነበረች» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩት ከረሙ።

እናቴ ሳውዲ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የሄደችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ያሳደጉኝ አያቴና የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። እናቴ ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ትደውላለች፤ በአክስቴ ስልክ ፊቷን አያለሁ። «አፍሽን ክፈቺ እስቲ» ትለኛለች፤ የወለቀውንና የበቀለውን ጥርሴን ታያለች። ሌላ ብዙም አናወራም ነበር።

አንድ ዓርብ ሳትደውል ቀረች። አክስቴን ስጠይቃት «ስልኳ ተበላሽቶባት ነው» አለችኝ። በማግስቱ አያቴን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ «አሰሪዎቿ ኔትወርክ የሌለበት አገር ይዘዋት ሄደዋል፤ ኢንሻአላህ ሲመለሱ ትደውላለች» አሉኝ። ከተማ ሱቅ ያለው አጎቴ ብስኩት ይዞልኝ መጣና ሳልጠይቀው «እናትሽ ደውላልኝ ነበር፤ ትምህርትሽን በርቺ ብላሻለች» አለኝ።

ሦስቱ አብረው አይሄዱም። አክስቴን «ስልኳ ከተበላሸ ለአጎቴ በምን ደወለች?» አልኳት።

«በሰው ስልክ ነዋ!»

«ኔትወርክ በሌለበት?»

ልትመታኝ እጇን አነሳች፤ ከዚያ እጇን መልሳ አንገቴን አቀፈችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አክስቴ ቁጡ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስናገር ዝም ብላኝ አታውቅም። ለወትሮው ግቢዋ ስገባ የምታባርረኝ ጎረቤታችንም ጠርታ ትኩስ ዳቦ ሰጠችኝ። ከእናቴ ጋር አብራ ሄዳ የተመለሰች ሴት ደግሞ መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሌላ መንገድ ታጠፈች።

በሚቀጥለው ዓርብ አስተማሪያችን የሰጠን ጥያቄ መስኮት ስለሰበሩ ልጆች ነበር፤ ሦስት ልጆች ይናገራሉ፣ እውነት የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ሦስቱም ቢዋሹስ?»

ጥያቄው ደስ አለው። «ጎበዝ! ሦስቱም ከዋሹ፣ ሦስቱም መስኮቱን ማን እንደሰበረ ያውቃሉ ማለት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ያኔ አወቅሁ። ሲደወል ከክፍል ወጥቼ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ቤት ገባሁ። አያቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሙስባሃቸውን ይቆጥራሉ።

«አባባ፣ እማዬ ሞታለች አይደል?»

«አስተግፊሩላህ! ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አስቤ ነው።»

«ማነው የነገረሽ? አስተማሪው ነው?» አሉኝ ደግመው። ሞታለችም አልሞተችምም አላሉኝም።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ትምህርት ቤት መጣ። እኔንም አስተማሪዬንም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩን። አጎቴ ወንበር ሲሰጡት እንኳ አልተቀመጠም።

«አንተ ማነህና ነው» አለው አስተማሪዬን፣ «ሽማግሌ ሳይመክርበት ለሕፃን መርዶ የምትነግረው? እህቴ ሞተች ብለን እኛ እንኳ ድምፅ አውጥተን ሳናለቅስ!»

ቤት ውስጥ ማንም ያልመለሰልኝን ያን ጊዜ ሰማሁት። ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው፣ በቁጣ።

አስተማሪዬ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ወላሂ አላውቅም ነበር» አለ፤ ክርስቲያን ነው። «እናቷ ማረፏን አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፦ ስለ ስልኩ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ አክስቴ እጅ። እንዴት እንደደረስኩበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየተራው አስረዳሁ። ስጨርስ አጎቴ አስተማሪዬን አየው።

«ይሄን ሁሉ ማን አስጠናት?» አለ።

በነጋታው ሱብሂ እንደተሰገደ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡና ያልሰማሁ ይመስል መርዶ ነገሩኝ። «አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ፤ ሰብር አድርጊ ልጄ» አሉኝ። አክስቴ መሬት ላይ ወደቀች፤ ግቢው በለቅሶ ተናጋ። እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው፤ «ልበ ደንዳና ናት፤ እናት ሞታባት እንኳ ዓይኗ አይረጥብም።» ያ ስም ትልቅ ልጅ እስክሆን ድረስ አልለቀቀኝም።

ለምን እንደደበቁኝ ቆይቼ ሰማሁ፤ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ሳልረበሽ እንድጨርስ ብለው ነው። ፈተናውንም ለቅሶ ላይ ሆኜ ተፈተንኩ፤ አንደኛ ወጣሁ። ማንም እልል አላለልኝም።

እናቴ እዚያው ተቀበረች። በምን እንደሞተች ሲጠየቁ አሰሪዎቿ ሕመም ነው አሉ፤ የላካት ደላላ ወድቃ ነው አለ። ያን ማሰብ አይፈታውም፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

አስተማሪያችን ከመጽሐፉ ውጭ እንዳያስተምር ተነገረው። ዓርብ ዓርብ የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል ያስወጣን ጀመር። እጄን ሳወጣ አያየኝም ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። አያቴ ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚያ ጊዜ በተነሳ ቁጥር «ያ አስተማሪ አፉ ክፉ ነበር» ይላሉ። «አባባ፣ እሱ አልነገረኝም» እላቸዋለሁ። ራሴን ይዳብሱና «እሺ ልጄ፣ አንቺማ ልጅ ነበርሽ፤ አታስታውሺውም» ይሉኛል።