የሙከራው ክፍል ሲዘጋብኝ

ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ኮንቴይነር ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ቴስተር መፈተን ነው፤ ኤሌክትሪሻኖች በእጃቸው ይዘው ቮልት የሚለኩባትን ትንሽ መሣሪያ። ብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ለቅጽበት ከፍተኛ ቮልቴጅ እለቅባታለሁ። ከተረፈች ትሸጣለች። በሩ ከውስጥም ከውጭም ያለ መብራት አይከፈትም። ስልክ ይዞ መግባትም ክልክል ነው።

ባለቤቴ ኤሌክትሪሻን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት፣ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ ቴስተሩን ከቦርሳው አውጥቼ ከሥራ ቦታ፣ ከአዲሱ የቴስተር ካርቶን ያመጣኋትን አንዷን አስገባሁለት። አልነገርኩትም። የካርቶኑን ቴስተሮች በቮልት ፈትኛቸው አልፈዋል፤ የኦሙ ፈተና ግን ይቀረኝ ነበር። ሠራተኞች መዞሪያውን ኦም ላይ አድርገው ሽቦ መበጠሱን ያዩና፣ ወደ ቮልት ሳይመልሱ መብራት ያለበትን ሽቦ ይነካሉ። እሱም ይረሳል።

ከዙህር ሶላት በኋላ ከዚያው ካርቶን አንዷን በኦም ላይ አድርጌ ለቀቅሁባት። ፈነዳች። የሚይዙበት ጎኗ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወዲያው የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

ባለቤቴ ቆጣሪ ሊጠግን መሐመድ ሞጌ ወደሚባለው ሰፈር ሄዷል።

በጨለማው በሩን ደበደብኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ዘበኛችን ከውጭ። ድሬዳዋ ያደጉ የሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ «አደር»፣ አጎቴ፣ እላቸዋለሁ።

«አደር፣ ለባለቤቴ ይደውሉልኝ። ቦርሳው ውስጥ ያለችውን ቴስተር እንዳይነካት።»

«የተዘጋብሽ አንቺ፣ የምታስቢው ለእሱ።»

«ቁጥሩን ልንገርዎት።»

«ቀስ በይ ልጄ፣ መነጽር አልያዝኩም።»

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። ጭሱ መውጫ የለውም፤ ሙቀቱም በረታ። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ያ አላህ፣ በእጄ ያስገባሁትን አንተ አውጣው አልኩ።

«ይጠራል፣ አያነሳም።»

«ይድገሙት፣ አደር።»

ደግመው ደወሉ። ከዚያ በሶማሊኛ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሳቁም።

«ምን አለ?»

«አዲሷን ገና ከቤት ሳይርቅ አይቷታል። ተመልሶ አሮጌውን ይዞ ሄዷል። ቦርሳዬን አትነካካ በሏት ይላል።»

አልሐምዱ ሊላህ አልኩ።

መብራቱ ቶሎ አልመጣም። ለሶላት የታጠብኩት ውዱእ ስላልፈረሰ፣ የዐስር ሶላት ሲደርስ እዚያው ብረቱ ወለል ላይ ሰገድኩ። በሩ ሲከፈት ካርቶኑ ላይ «አያልፍም» ብዬ ጻፍኩበት።

ቦርሳውን ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።