ከኮርቻው የጎደለው ክብ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተና የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ዕቃውን ወደ በረንዳ ሳወጣ የአባቴ ኮርቻ እርጥበት ጠጥቶ ኖሮ የቆዳና የሞራ ሽታው ገና አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ከደሎ መና በታች ባለው አቧራማ የከብት እርባታ ራሴን አገኘሁት። ከኮርቻው በግራ በኩል ወደ እግር በሚወርደው ቆዳ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ። የልጅ ልጆቼ አይጥ የበላው ይመስላቸዋል። አይጥ እንዲህ አያምርላትም፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሌላው ስሙን ለመጻፍ ሲያልበው እኔ የማዳበሪያ ጆንያ አንብቤ ለጎረቤት አስረዳ ነበር። ቆዳን ግን ያወቅኩት ከፊደል በፊት ነው። አባቴ የሮቤና የጎባ ፈረሰኛ ሁሉ ደጁን የሚጠናው ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ዓይኑ ሊፈዝ ሲል የመጨረሻውን ኮርቻ ለእኔ ሰፋልኝ። ያንን ጭኜ ወደ ቆላ ወረድኩና፣ ለኮርቻው ሲሉ መሰለኝ፣ በመንግሥት እርባታ በፈረስ ሆኜ ከብት እንድጠብቅ ቀጠሩኝ።

የከብቱ ሁሉ ነፍስ በአንድ ጉድጓድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከንጋት ጀምረን እየተፈራረቅን የፓምፑን እጀታ ከፍ ዝቅ ስናደርግ ብረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ላሞቹ ያንን ድምፅ ሲሰሙ አቧራውን እያጨሱ ወደ ሲሚንቶው ገንዳ ይጎርፋሉ። አባ ቃዲር የሚባሉ ሽማግሌ እረኛ እያንዳንዷን በስሟ እየጠሩ ተራ ያስይዟቸዋል፤ ተራ የሰረቀችውን ትናንትም ቀድመሽ ጠጥተሻል ብለው እንደ ሰው ይወቅሷታል፤ እሷም ያፈረች ይመስል አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ አንድ ቀን ጠዋት እጀታው በእጄ ላይ ላባ ሆኖ ቀለለኝ። ውሃ የለም። ከከተማ የመጣው ሜካኒክ የፓምፑን ራስ ፈታና ውሃውን የሚስበውን እንደ ጽዋ የጎደጎደ ቆዳ አሳየን፤ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሏል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። ወንዙ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ የእርባታው ኃላፊ በማግስቱ መሄድ የሚችሉት እንዲነዱ፣ አራስ ላሞችና ጥጆች እንዲታረዱ ወሰነ። አባ ቃዲር ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ።

ተነሥቼ ቆዳውን ከኮርቻዬ ቆርጬ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ሜካኒኩ ሳቀ። «ኮርቻ ፈረስ ላይ ይጫናል እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አይጫንም» አለኝ። አባ ቃዲር ግን ቢላዬን ሳወጣ ክንዴን ያዙ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አባትህ ሁለተኛ አይሰፋውም እኮ።»

አውቅ ነበር። ቢሆንም ቆረጥኩት። ቆዳውን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ በሻይ ብርጭቆ ቂጥ ላይ ወጥሬ በሲባጎ አሰርኩ፣ ቅርጹን ሲይዝ ሞራ አጠጣሁት። ይህን ማንም መሐንዲስ አላስተማረኝም። ከሰዓት በኋላ ገጠምነውና እጀታውን ብንለው ብንለው የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ የቀረችንን አንድ ጀሪካን የመጠጥ ውሃ አንሥቼ ፓምፑ አናት ላይ ገለበጥኳት። ኃላፊው አበድክ ወይ ብሎ ጮኸ፤ እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቆዳው ረጠበ፣ አበጠ፣ ብረቱን ነከሰ። እጀታው ከበደኝ። ከዚያ የበለጠ ጣፋጭ ክብደት እስከ ዛሬ በእጄ አልያዝኩም።

ውሃው ገንዳውን ሲመታ አባ ቃዲር «ያ ሼክ ሁሴን» ብለው የባሌውን ወሊ እየጠሩ ተንበረከኩ፤ አራሶቹንም በስማቸው ጠሩ። በዚያ ቀን ተራ የሰረቀችውን የወቀሰ አልነበረም። ሜካኒኩ ጃኬቱን አውልቆ አጠገቤ እጀታውን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኮርቻ ቀልዶ አያውቅም። ሁለት ሳምንት የተባለው መለዋወጫ በሁለት ወሩ ሲመጣ የእኔ ቆዳ ገና ይስብ ነበር።

ሮቤ ስመለስ የፈራሁት አባቴን ነው። ዓይኑ ጨርሶ ፈዞ ስለነበር ኮርቻውን በእጁ ዳሰሰ፣ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ጣቱን አስገብቶ ቀስ ብሎ ዙሪያውን ዞረ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ጥጆቹም ጠጡ?» አለ።

«ሁሉም ጠጡ።»

«ክቡ ወደ ታች ትንሽ ጠምሟል» አለ። «ቢሆንም እንዳትደፍነው።»

በሕይወቴ የተሰጠኝ ብቸኛ የምስክር ወረቀት ይኸው ነው፤ ሌላም አልፈለግኩም። ዛሬ እርባታው ፈርሷል፣ አባ ቃዲርም አባቴም አፈር ለብሰዋል፣ በሮቤ ገበያ ኮርቻ የሚሰፋ አንድ ሰው ብትፈልጉ ባጃጅ ያሳዩአችኋል። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጣቴን በቀዳዳው ዙሪያ አዞርኩ። እውነትም ወደ ታች ጠምሟል፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልነግር ኖሬአለሁ።

የኮርቻው ቆዳ ሞራ ጠምቶታል፤ ነገ አጠጣዋለሁ። የጎደለውን ክብ ግን ከብቶቹ ጠጥተውታል።