ሲነዝር የከረመው ወፍጮ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ወስዶኝ ጣና ዳር የታሰረች የመዝናኛ ጀልባ ላይ ወጣን። ጀልባዋ መብራት የምታገኘው ከዳር በተዘረጋላት ገመድ ነው። ዋናው ማብሪያ ግን በራሱ እየወረደ መብራቱን እያጠፋ አስቸገረ። ሞተረኛው ማቀዝቀዣውን ነቀለ፣ የውኃ ማፍያውን ነቀለ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሰ ይሰካል። በዚህ መሃል እርጥብ ጫማዋን አውልቃ የተቀመጠች ሴት መደገፊያውን ብረት ስትይዝ «ነዘረኝ!» ብላ ጮኸች። ሞተረኛው ብረቱን ጨበጠና «እኔን ምንም አላለኝም» አላት።

ሳላስበው «አንተ ላስቲክ ጫማ አድርገሃል፤ እሷ ባዶ እግሯን ናት» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጥፋቱ የውኃ ማፍያው ሆኖ ተገኘ። «እማማ፣ ይህን የት ተማሩት?» አለኝ። «ዳንግላ፣ ወፍጮ ቤት» አልሁት።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። ቤተሰቦቼ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያርሱ ነበር፤ እኔ ለትምህርት ዳንግላ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥሁ። ወሩ ሰኔ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ የጋሪ ጎማ የቆፈረው ሁሉ ውኃ ያቆረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳጉሳ ማስፈጨት የእኔ ድርሻ ነበር። የወፍጮ ቤቱን ሽታ እወደው ነበር፤ የሞቀ ዱቄትና እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ተራ ስንጠብቅ ከቤት የያዝሁትን ቅቅል ድንች እየላጥሁ እበላለሁ።

ወፍጮው ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ከተቀየረ ገና ዓመቱ ነው። የምትሠራበት ጥሩነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ የአንዲት ሕፃን እናት፣ እሷም ከዘንገና በኩል የመጣች። እንጨት ላይ ቆማ በአንድ እጇ የዱቄቱን መውረጃ ቆርቆሮ ትይዛለች፣ በሌላው ጆንያውን ለባለቤቱ ታቀብላለች። ክረምቱ ሲገባ ከእጇ የተቀበለ ሁሉ ይነዝረው ጀመር።

«እጇ ላይ አንድ ነገር አለ» ተባለ።

«ግድግዳ ላይ ሰቅለን አምፖል እናብራባት!» አለች አንዷ፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጥሩነሽ ዱቄቱን ማራገፏን ቀጠለች። ሰው ግን ወደ ሌላው ወፍጮ መሄድ ጀመረ።

ባለቤቱ ጋሼ ዳኛው መብራት ሠሪ አመጣ። ሰውየው በጭቃው ምክንያት እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አጥልቋል። ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይኸው! ቢነዝር እኔን አይነዝረኝም?» አለ። ማሽኑ ነፃ ወጣ። ዓይን ሁሉ ወደ ጥሩነሽ ዞረ። ጋሼ ዳኛው መሬት መሬት እያየ «እስከ ቅዳሜ ሥሪ። ከዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አላት።

ዓርብ ዕለት የአንዱ ጫማዬ ማሰሪያ ጭቃ ውስጥ ተበጠሰ። አውልቄ ያዝሁት። ጥሩነሽ ከወዲያ ማዶ እህል ስትጨምር የእኔን ጆንያ ራሴ ላወጣ ጎንበስ ስል ክንዴ ቆርቆሮውን ነካ። እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። እሷ ሦስት እርምጃ ርቃ ነበር።

ባዶ እግሬን አየሁ። ከዚያ የሰልፉን እግር ሁሉ አየሁ፤ ብዙው እንደ እኔ ባዶ ነው፤ መብራት ሠሪው ግን ቦቲ አጥልቆ ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውረጃ መንገድ እንደሚፈልግ መምህራችን ነግሮን ነበር፤ ለፈተና ብቻ የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር።

«ጥሩነሽ፣ ወፍጮው ነው እኮ!» አልኋት።

ማሽኑን አጥፍታ መጣች። «እኔንም ይነዝረኛል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ስነካ እኔንም ይይዘኛል። ከእኔ የሚወጣ መስሎኝ ዝም አልሁ። ልጄን ማቀፍ ከተውሁ ሰነበትሁ።»

ወደ ደጅ ወጣን። ጭቃው ላይ ሁለታችንም ባዶ እግራችንን ቆመን እጇን ያዝሁት። ሻካራ ነው፤ ሞቃት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። እሷ ግን ቶሎ አልለቀቀችኝም።

ከሞተሩ እግር ተነሥቶ በግድግዳው ቀዳዳ የሚወጣ ሽቦ ነበር። ተከትለን ወደ ጓሮ ዞርን። ሽቦው ተንጠልጥሏል። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከሽቦው ጋር መያያዝ የነበረበት ረጅም ብረት ተነቅሎ ተጋድሟል፤ የጋሪ ፈረስ ታስሮበታል። ገበያው የሚባለው ባለጋሪ ጎማው ላይ ተቀምጦ ሽንብራ ይቆረጥማል።

«ይህን ብረት ማን ነቀለው?» አልሁት።

«ፈረሴ ነዋ! ወር አለፈው። ችካል መስሎኝ ነበር።»

«የወፍጮው ነው።»

«ወፍጮ ደግሞ ችካል ምን ያደርግለታል? ይኮበልላል እንዴ?»

ጥሩነሽ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ለጋሼ ዳኛው ነገርነው፤ መብራት ሠሪው በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ሞተሩን ሲከፍተው የተላጠ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ አገኘ። ሽቦውን ለወጠ፣ የጓሮውንም ብረት ጠልቆ እስኪገባ መታውና ከተንጠለጠለው ሽቦ ጋር አያያዘው። ስለ ቦቲው ያነሣ የለም። ጋሼ ዳኛውም ጥሩነሽን «ያን የቅዳሜውን ነገር ተይው» አላት፤ ይቅርታው ያችው ነበረች። የሳቁባት ሴቶች በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ዱቄታቸውን ከእጇ ተቀበሉ።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። «እንዴት ደረሽበት?» ሲሉኝ ፊዚክስ ስለማውቅ ነው እላለሁ። ጆንያውን ለምን ራሴ ላወጣ እንደ ጎነበስሁ ግን የጠየቀኝ የለም። አክስቴ «ከእጇ እንዳትቀበይ» ብላኝ ነበር፤ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተቀበልሁም። ጥሩነሽ አንድ ቀን የአገሯን ልጅ ያገኘች መስሏት በቋንቋችን በአዊኛ «የማን ልጅ ነሽ?» ስትለኝ እንዳልሰማ ሰው በአማርኛ ተራዬን ጠየቅኋት።

ከእጇ አለመቀበሌንም፣ እንዳልሰማ መሆኔንም ጥሩነሽ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን አላነሣችብኝም። አሁን ቆሰበር ከተማ፣ ቤቴ ተቀምጬ ስጽፈው እዚህ ቦታ ላይ ብዕሬ ቆመ፤ ልዝለለው ብዬም ነበር። አልዘለልሁትም።