ለሽማግሌ የበቃች መኪና

ጥቁሯን መኪናዬን ስሸጥ ሮም ያለ አበሻ ሁሉ «አበደች» አለኝ። እውነታቸውን ነው፤ ንዴት አሳብዶኝ ነበር። ስንት ዘመን የሰው አሮጊት ሳጥብ ሳገላብጥ ኖሬ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አጠገብ ሱቅ ከፍቼ የገዛኋት መኪና ናት። ወንበሯ ቆዳ፣ መስታወቷ ጥቁር፣ ቁመቷ የተራራ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የማቆላምጠው እሷን ነበር።

ታናሽ እህቴ ከሮም ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር፣ ኦስቲያ ነበር የምትኖረው፤ ከባሏ፣ ከአራት ልጆቿና ከባሏ እናት ጋር። ባሏ ይደበድባታል። «ተጣሉ» ብዬ አላለሳልሰውም፤ ይደበድባታል። ለፋሲካ ቤታቸው ስሄድ የፊት ጥርሷ የለም። በቡና ማፍያው ብረት ነው ያረገፈላት። ፖሊስ ጋ እንሂድ ስላት፣ «ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ነው፤ ልጆቼን ይነጥቁኛል» ትለኛለች።

እኛ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ነው የምንልከው። ሽማግሌ በባቡር አይሄድማ፣ ክብር አለው! ታዲያ በማን መኪና ይሂድ? በእኔ! እህቴ በተደበደበች ቁጥር አራት ሽማግሌ ጭኜ ኦስቲያ አደርሳለሁ። ከረባታቸውን አስተካክለው፣ «ወንበሩ እንዴት ይመቻል!» እየተባባሉ ይሄዳሉ። ሲደርሱ «በይ ልጄ፣ ስለ ልጆቹ ስትይ ቻይው» ይሏታል። እሱ ጉልበታቸውን ይስማል፣ ምሳ ይቀርባል። ስንመለስ «ተመስገን፣ ታረቁ» ይላሉ፤ እኔ መሪውን ጨብጬ ጥርሴን አፋጫለሁ።

አንድ ቀን ራሷ ደወለችልኝ። «ነይ ውሰጂን» አለች። በርሬ ደረስኩ። እሷን ከፊት፣ አራቱን ልጆች ከኋላ። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው ነው፤ እሱም መሃሉ ጉብ ያለ፣ ለቅንጦት እንጂ ለልጅ ያልተሠራ። አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ በሩን ብገፋው አልዘጋም አለ። ስታገል ሰውየው ደረሰ። ትልቋን ልጅ ፀጉሯን ይዞ ጎትቶ አወጣትና አስፋልቱ ላይ ወረወራት። እህቴ ወረደች። ምን ታድርግ? ልጇን ጥላ ትሂድ? እሱ ሳቀብኝ።

«ሽማግሌ ስታመላልስ ከርማ ልጅ አቃታት? በይ ንገሪኝ፣ የትኛውን ትታልኝ ትሄዳለች?»

ያን ሳቅ አልረሳውም። በማግስቱ መኪና ሻጭ ዘንድ ሄጄ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። «ሰባት ሰው የምትይዝ ስጠኝ» አልኩት። ነጭ፣ ረጅም፣ ቦርጫም፣ የዳቦ ሳጥን የመሰለች አሳየኝ። «ሲኞራ፣ ስንት ልጆች አሉሽ?» አለኝ። «ምን አገባህ!» አልኩት በአማርኛ።

ለእህቴ ልነግራት ስደውል ስልኩን ያነሱት አማቷ ናቸው። «ቻይው፣ ወንድ ሲያረጅ ይበርዳል» እያሉ እዚያ እሳት ውስጥ ያስቀመጧት እሳቸው ናቸውና አልወዳቸውም። ከንዴቴ ብዛት አፌን መያዝ አቃተኝ።

«መኪና ቀይሬያለሁ፤ እሑድ እመጣለሁ ይበሉልኝ!»

«ስንት ሰው ትይዛለች?» አሉኝ።

«ሰባት! ለልጅዎ ግን ቦታ የላትም!» ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ምን ዓይነቷ ጅል ነኝ! ይነግሩታል፣ እህቴን ይገድላታል። እስከ እሑድ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም።

እሑድ ቀትር ላይ ግቢያቸው ገባሁ። በበጋ፣ እሑድ እሑድ እሱ ባሕሩ ዳር ለዋና ለመጣ ሰው ጥላ ሲተክል ነው የሚውለው። ትልልቆቹን ሁለት ልጆች መጨረሻው ወንበር ላይ፣ እህቴን ከሁለቱ ትንንሾች ጋር መሃል አስቀመጥኩ። በሩ ግጥም ብሎ ተዘጋ። ከአጠገቤ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ቀረ። ያ የተረገመ የግቢ በር ግን በኤሌክትሪክ፣ በራሱ ጊዜ ነው የሚከፈተው፤ ቁልፉን ተጭኜ ስጠብቅ ሰውየውን በመስታወት አየሁት። የጥላ መትከያ ብረት ይዞ ከኋላ ባለችው ትንሿ በር እየሮጠ ይመጣል። ጎረቤት ደውሎለት ኖሯል፤ ያን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን «አሮጊቷ! ነገሩት!» ብዬ ጮህኩ።

የኋላው መስታወት ልጆቹ ላይ ረገፈ። የኋላ ማርሽ አስገብቼ ገጨሁት። አምልጦኝ አይደለም፤ ልገድለው ፈልጌ ነው። በጉልበቱ ወደቀ፣ እያነከሰ ተነሳና የጎኑንም መስታወት አወረደው። የትንሹ ልጅ ጆሮ ተሰንጥቆ ደሙ እህቴ ደረት ላይ ይወርዳል። እሷ አትጮህም፤ ልጆቹን ከስሯ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታዋለች፣ እንደለመደችው።

የጋቢናው በር ተከፈተ። አማቷ ናቸው፣ አንድ ፌስታል ይዘው። ገብተው ተቀመጡና በሩን ዘጉ።

እሱ ብረቱን እንዳነሳ ወደእኛ ዞረ። እሳቸው መስታወቱን ራሳቸው አወረዱለት።

«ምታ» አሉት። «አባትህ የጀመረውን አንተ ጨርሰው።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። «እማዬ፣ ውረጂ እንጂ» አለ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

«አልወርድም። በል ለእኔም ሽማግሌ ላክብኝ!»

የግቢው በር ተከፈተ። ነዳሁት፣ የምችለውን ያህል ነዳሁት። በተሰበረው መስታወት ነፋሱ እየገባ ይገርፈናል፤ ከኋላ ልጆቹ ያለቅሳሉ። እኔ እፍረት ሊገድለኝ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። የነገሩት መስሎኝ ነበር።»

«ሰባት አላልሽኝም? እነሱ ከአንቺ ጋር ስድስት ናቸው» አሉኝ፣ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ የመስታወቱን ስብርባሪ እየለቀሙ። «ቆጠርኩ ልጄ። አንድ ቦታ ተረፈ።»